የአክስቷ ድምፅ

የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ሠራተኛ ድምፅ ግቢውን አልፎ መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። የሰፈሩ ወጣቶች «ደወል» ይሏታል። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሰክታ፣ ከመስታወቱ ኋላ ተቀምጣ፣ የመጣውን ሁሉ «ስም? ዕድሜ? ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ትላለች። ታማሚው ቀስ ብሎ ሲመልስ እሷ ጮክ ብላ ትደግመዋለች። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። ጎረቤት የጎረቤቱን የሆድ ቁርጠት፣ አማት የምራቷን ማስመለስ የሚሰሙት እዚያ ነበር።

ደወል ክፉ ሰው አልነበረችም። እህቷ ስትሞት የተወችላትን ጨቅላ አንስታ፣ ሳታገባ ሳትወልድ፣ እንደ ራሷ ልጅ አሳድጋለች። ያቺ ጨቅላ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆና ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። አክስቷ ግን አሁንም ደንበኛ ፊት ሳይቀር «ጩጬ» ነው የምትላት። ሰፈሩም ስሙን ወዶ አጸደቀላት።

ነገሩ የተጀመረው በጩጬ ጓደኛ፣ በፀጉር ሠሪዋ ነው። ልጅቷ ከእምብርቷ በታች ሕመም ሲጠናባት ጤና ጣቢያ ሄደች። መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ ተናገረች።

«ምን?» አለች ደወል።

ልጅቷ ደገመችላት።

«እ! ፈሳሽ አለሽ? ባል አለሽ ወይስ የለሽም?»

ወረፋው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ከኋላዋ የቆሙት ሴትዮ የእናቷ የቅርብ ወዳጅ ነበሩ። ፀጉር ሠሪዋ ፊቷ እሳት መስሎ፣ ካርዷን ሳትቀበል ወጣች፤ ተመልሳም አልሄደችም። ሕመሙን ዋጥ አድርጋ ቆይታ አንድ ቀን የደንበኛ ፀጉር እየተኮሰች እዚያው ወደቀች። ሆስፒታል ወስደው ቀዶ ጥገና አደረጉላት። ነፍሷ ተረፈች፤ ነገር ግን ወደፊት መውለድ ሊያስቸግራት እንደሚችል ዶክተሩ ነገራት።

ጩጬ አልጋዋ ጎን ተቀምጣ አለቀሰች። «ለእኔ እንኳን አትነግሪኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? አክስትሽ እኮ ናት።»

ያቺ ቃል ጩጬን አንገበገበቻት። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር ደግሞ በዚያው ሰሞን «ወጣቶች ወደኛ የማይመጡት ለምንድን ነው? እናንተው ንገሩን» ብለው የሰፈሩን ልጆች ጠሩ። ጩጬ፣ ከአልጋዋ የተነሳችው ፀጉር ሠሪና ቀልደኛ መካኒክ ሆነው ሥራውን ያዙት። ኳስ ሜዳውን፣ ፀጉር ቤቶቹን፣ የትምህርት ቤቱን በር እየዞሩ ጠየቁ። መልሱ ሁሉም ጋ አንድ ነበር፦ «ደወል እያለች? ከመሄድ መታመም ይሻላል!»

ልጆቹ ተቀምጠው መከሩ። ወጣቶች የሚገቡበት የጎን በር ይከፈት፤ ከሰዓት በኋላ ከትምህርትና ከሥራ ሲወጡ የሚታከሙበት ሰዓት ይኑር፤ ሰው በስም ሳይሆን በቁጥር ይጠራ፤ ምን እንዳመመው የሚጠየቀው በር ተዘግቶ ብቻ ይሁን። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። መካኒኩ ግን «ይህን በወረቀት ብናነብላቸው እንቅልፍ ነው የሚወስዳቸው። ድራማ እንሥራ» አለ።

«ደወልን ማን ይሠራል?»

ሁሉም ወደ ጩጬ ዞሩ። ያንን ድምፅ እንደሷ የሚያውቀው ማን አለ?

ፀጉር ሠሪዋ ብቻ አመነታች። «ቀድመሽ ለምን አትነግሪያትም? ቤት ውስጥ፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ።»

«ብነግራት ትቀራለች። መስማት አለባት» አለች ጩጬ። ንዴቷ ገና አልበረደም ነበር።

ድራማው በሚታይበት የጤና ጣቢያው ስብሰባ ዋዜማ አክስቷ የጩጬን ቀሚስ ስትተኩስ አመሸች። እጅጌው ላይ ውኃ እየረጨች ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

«ነገ ምን ልትሉ ነው? ንገሪኝ እንጂ!»

«ታዪዋለሽ።»

«ስለ እኛ ጤና ጣቢያ መጥፎ እንዳትናገሩ ብቻ! ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ ነግሬያለሁ፤ የእኔ ልጅ ናት የምትናገረው ብዬ።»

ጩጬ አፏ ድረስ የመጣ ነገር ነበር። ምላሷ ላይ ቆይቶ ተመልሶ ገባ። «ቀሚሱን እንዳታቃጥዪው» ብላ ወጣች።

በማግሥቱ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ደወል ነጠላ ጫማዋን በባለ ተረከዝ ለውጣ ከፊት ተቀምጣለች። መካኒኩ ሆዱን ይዞ እየተጣመመ ገባ። ጩጬ መነጽር አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ሰክታ «ስም! ዕድሜ! የት ጋ ነው? ከወገብ በላይ ነው ከወገብ በታች? አልሰማሁም፣ ወረፋ ላይ ያላችሁ የሰማችሁ ካላችሁ ንገሩኝ!» ስትል አዳራሹ ፈረሰ። ሰው ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ሲስተር እንኳ አፋቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ደወልም ዕንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከጎኗ የተቀመጠችው ጽዳት ሠራተኛ ክንዷን ነካ አድርጋ አንድ ነገር ስትላት ሳቋ ቀስ በቀስ ደረቀ። ግን አልወጣችም። እስከ መጨረሻው ተቀመጠች፤ ሲጨበጨብ አጨበጨበች።

ልጆቹ የጠየቁት ሁሉ ተፈጸመላቸው። የጎን በሩ ተከፈተ፣ መጋረጃ ተሰቀለ፣ ከሰዓት በኋላ ወጣቶች እየተሳሳቁ መግባት ጀመሩ። ፀጉር ሠሪዋ እረፍት ባላት ቀን አዲስ የሚመጡትን ሴቶች ትቀበላለች። ደወል ደግሞ ከመስኮቱ ተነስታ አሮጌ ካርዶች የተከማቹበት ክፍል ተመደበች።

ቤት ውስጥ ግን ጸጥታ ነገሠ። አክስትየው አልተቆጣችም፣ አላኮረፈችም፤ ምግብም አላጓደለችም። ብቻ ድምፅዋን ቀነሰች። «እራት ቀርቧል» የምትለው በሹክሹክታ ሆነ። ጩጬ «ምን አልሽ?» ብላ መጠየቅ ግድ ሆነባት። በጠየቀች ቁጥር አክስቷ «ምንም» ትላለች። ጩጬ በየቀኑ ይቅርታ ልጠይቅ ብላ ትነሳና ነገ ይሻላል እያለች ታሳድራለች።

አንድ ቀን ሲስተር ፎቶ ኮፒ ለማስነሳት መጡ። ማሽኑ እየሠራ ሳለ «አክስትሽ ለጆሮዋ መሣሪያውን ወሰደች?» አሏት።

«የምን መሣሪያ?»

ሲስተር ደነገጡ። «አታውቂም እንዴ? ግራ ጆሮዋ ከሄደ ቆይቷል፤ ቀኙም ደክሟል። ክፍል ስንቀይራት ነው ያስመረመርናት። ሰው እንዳይንቃት ደብቃው ነው መሰለኝ።»

ወረቀቱ እየወጣ ወለሉ ላይ ተበተነ። ጩጬ ሬዲዮው ቤቱን ሲያናውጥ «ቀንሺው» እያለች የተጨቃጨቀችው፣ አክስቷ ሁልጊዜ በቀኟ በኩል የምታስቀምጣት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባት። አንድ ጣሪያ ሥር ኖራ ይህን ሳታይ፣ ጩኸቱን ግን አሳምራ ተምራዋለች።

ቤት ስትደርስ አክስቷ ሻንጣ እያሰናዳች ነበር። ጡረታዋን አስቀድማ ጠይቃ ተፈቅዶላታል፤ ሌላ ከተማ ወንድሟ ጋ ልትሄድ ነው።

ጩጬ በአክስቷ ቀኝ በኩል ዞራ ተቀመጠች። «ስለ ጆሮሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ ስለ ልጅቷ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች አክስቷ ልብስ እያጣጠፈች። «ያቺ ምስኪን በእኔ ምክንያት ሳትታከም መቅረቷን የሰማሁት ከሰው ነው። ባውቅ ኖሮ ወንበሩን ያን ቀን እለቅላችሁ ነበር። ሄጄ እግሯ ላይ ወድቄያለሁ፤ እሷ ማረችኝ።»

«እኔንስ?»

«አንቺ ልክ ነበርሽ። እውነት ነው የተናገርሽው።» ሹራቧን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። «ግን የቱ እንደሚያንገበግበኝ ታውቂያለሽ? ስቄ ነበር። ያች ሴትዮ ምን ዓይነት ጉድ ናት ብዬ ከሰው ሁሉ በላይ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ። እኔ መሆኔን አላወቅኩማ።»

ጩጬ አንገቷን አቅፋ ይቅርታ ጠየቀቻት፤ አክስቷም ሳመቻት። «በቃ ልጄ፣ አልቅሰሽ አታስለቅሺኝ» አለቻት። ጉዞዋን ግን አልሰረዘችም። ጩጬ መነኻሪያ ድረስ ሻንጣውን ተሸክማ ሸኘቻት።

ከዚያ በኋላ የሌላ ሰፈር ጤና ጣቢያ ድራማውን አምጡልን አለ። ጩጬ የካርድ ክፍሉን ሴትዮ እንዲያወጡት ለመነች። መካኒኩ «እሷን ካወጣን ምን ይቀራል?» ብሎ ተሟገተ፤ የኋላ ኋላ እሺ አለ። የሠሩት ሳቅ የሌለው ነገር ሆነ። ከፊሉ ተመልካች ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ወጣ፤ ኃላፊዎቹም እናስብበታለን ብለው ሸኟቸው። ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ጩጬ መስኮቱን ተደግፋ፣ አክስቷ ያንን ቀሚስ ስትተኩስላት አጠገቧ ቁጭ ብላ ብትነግራት ኖሮ ምን ትል እንደነበር ታስብ ነበር።