እማማ ምግብ ያማራቸው ዕለት

የጓንግሺ እናት ከሩዝ ውሃ በቀር ሌላ ነገር ከቀመሱ ሰንብተዋል። የሆስፒታሉ ሐኪሞች ጨጓራቸው ላይ የወጣው ዕጢ ወደ ጉበታቸው መዛመቱን ተናግረው፣ ቤት ወስዳችሁ አስታምሟቸው ብለው ከመለሷቸው ወዲህ የምታስታምማቸው ምራታቸው ሩዪ ነበረች። ሩዪ የባህል ሐኪም ናት። ከወንዙ ማዶ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የበሽተኛ ትርታ ትዳስሳለች፣ ምላስ ታያለች፣ ቅጠልና ሥር መዝና ትሰጣለች። የአማቷን ሕመም እንደማትነቅለው ታውቀዋለች፤ ማቅለሽለሹ ጋብ ካለላቸው ይበቃኛል ብላለች። ባሏ ጓንግሺ ግን አውቶቡሱን ነድቶ በገባ ቁጥር፣ "የሚያድናት ያንቺ መድኃኒት ነው" ማለቱን አልተወም።

አንድ ቀን ጠዋት ሩዪ ምድጃው ላይ ሩዝ ስታቀጥን እማማ ከመኝታ ቤት ተጣሩ።

"አንቺ ሩዪ! ምንድን ነው የምታበስይው?"

"ሩዝ ነው እማማ፣ ቀጠን ያለ።"

"እሱን ለሕፃን ስጪ! እኔ ያማረኝ ኑድል ነው። ሥጋ ያለበት፣ በርበሬው ዐይን የሚያስለቅስ።"

ሩዪ በሩ ላይ ስትደርስ ክው አለች። ያለሰው እርዳታ መገላበጥ ያቃታቸው ሴትዮ ትራስ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። ጉንጫቸው ቀለም የተቀባ ይመስል ቀልቷል። "ጨጓራ እሳት አይወድም፣ ጣፊያ ብርድ አይወድም" እያለች በርበሬውንም፣ ቅባቱንም፣ ቀዝቃዛውንም ስትከለክላቸው ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ስንቴ ተጣልተዋል! አንዴማ አልጋቸው ሥር የደበቁትን የበርበሬ ማሰሮ አግኝታባቸው ሳምንት ሙሉ አኩርፈዋት ነበር።

"እስቲ እጅዎን" አለቻቸውና ጣቶቿን አንጓቸው ላይ አሳረፈች። ትርታው ይመታል፤ ግን ደረቅ ነው። ሆድ ምግብ ተቀብያለሁ የሚልበት ያ ልስላሴ ጠፍቷል። ያስተማሯት ሽማግሌ የነገሯት ትዝ አላት፤ ምግብ ዘግቶት የከረመ በሽተኛ ድንገት ብሉ ብሉ ካለውና ትርታው ከደረቀ፣ ዘመድ ደስ ሲለው አንቺ አብረሽ ደስ አይበልሽ፤ የውስጡ ጉልበት የመጨረሻውን እያወጣ ነው ብለዋት ነበር።

"ምን አገኘሽ?" አሉ እማማ።

"ርቦዎታል።"

"ይሄን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?"

ሩዪ ሳቀች። ማጀት ገባች። ሥጋውን ከተፈች፣ በርበሬውን በዘይት ጠበሰች፣ ጭሱ እስኪያስላት ድረስ ሳትሰስት ጨመረች።

ጓንግሺ ከሥራ ሲመለስ እናቱ አፍንጫቸውን እያላባቸው ሁለተኛውን ሳህን ሲያጋምሱ ደረሰ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። "አላልኩሽም ሩዪ? እጅሽ ይባረክ!" ወዲያው ለወንድሙ ለፔይሊን ደወለ። ፔይሊን ሼንዠን ውስጥ በፋብሪካ የሚሠራ ሲሆን በማግስቱ ባቡር ሊሳፈር ተዘጋጅቶ ነበር። "አትምጣ፣ ሥራህን አታቋርጥ! እማዬ ሁለት ሳህን ጨርሳለች፣ ለበዓሉ ትመጣለህ" አለው። ምሥራቹ ደረጃውን ወርዶ ጎረቤት ዘንድ ደረሰ። እትዬ ዙ እንቁላል ይዘው መጡና ሩዪን ግንባሯን ሳሟት። ሩዪ እንቁላሉን ተቀበለች።

እትዬ ዙ እንደወጡ ባሏን ማጀት ጠራችው።

"ለፔይሊን ቶሎ ደውለህ ና በለው። ዛሬውኑ ይሳፈር።"

"ለምን ሲባል?"

"እማማ አልዳኑም ጓንግሺ። እንዲህ ያለው ረሃብ ሲመጣ ቀርቧል ማለት ነው። ትርታቸውን አይቻለሁ።"

ፊቱ ተለዋወጠ። "እና ለምን አበላሻት? እያወቅሽ መርዝ አበላሻት?"

"ምግቡ አይደለም። ከእንግዲህ ብከለክላቸው ምን እጠቅማቸዋለሁ?"

"ሟርተኛ! እናቴ ቁጭ ብላ እየበላች በአፍሽ ትቀብሪያታለሽ?" በሩን በላይዋ ላይ ደርግሞ ወጣ።

ሩዪ ስልኳን ይዛ ብዙ አመነታች። በመጨረሻ ራሷ ደወለች።

"ወንድምህ አትምጣ ብሎሃል። እኔ ና እልሃለሁ።"

ፔይሊን ግራ ገባው፤ እናቴን አገናኚኝ አለ። እማማ ስልኩን ይዘው፣ "ሚስት ሳታገኝ ልታረጅ ነው፣ አንተ ሰነፍ!" እያሉ ሲስቁ ከበር ውጭ ይሰማ ነበር።

"ደህና ናት እኮ!" አላት ስልኩ ሲመለስላት።

"መምጣት ያለብህ ደህና ሳሉ ነው" አለችው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ገባ። እማማ ከኑድሉ በኋላ ምንም አልቀመሱም ነበር። እግራቸው ቀዝቅዟል፣ የጉንጫቸው ቅላት ሄዷል። ፔይሊንን ትኩር ብለው አዩትና "ከስተሃል" አሉት። ሌላ አልጨመሩም። ከሰዓት በኋላ በሁለት ልጆቻቸው መካከል አረፉ።

በቀብሩ ዕለት ፔይሊን ሩዪ ፊት ተንበርክኮ አመሰገናት። ጓንግሺ ያንን አይቶ ከድንኳኑ ወጣ። ከዚያ በኋላ አልተጣሉም፤ መጣላት ቢኖር ይሻል ነበር። ሰላም ይላታል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ሁሉን ሆድ ይፍጀው ያለ ይመስል ስለ እናቱ ቃል አይተነፍስም። እየቆየ ሆዱ ይነፋው ጀመር፤ ማዕድ ቀርቦ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይተዋል።

"እጅህን ልየው?" አለችው አንድ ምሽት።

እጁን ጠረጴዛው ሥር ከተተ። "ደህና ነኝ።"

ገባት። የእሷን ጣቶች ፈርቷቸዋል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከሥራ ስትመለስ ማጀት ውስጥ በክር የታሰረ የወረቀት ጥቅል አገኘች፤ ማኅተሙ የሌላ ሐኪም ነው። ፈታችው። የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ፣ ነጭ እንጉዳይ፣ ዝንጅብል፣ ሐዘን የቋጠረውን ሆድ የሚፈቱ ሥሮች። እሷም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምታዝለት።

መልሳ ልታስረው ክሩን አነሳች። ተወችውና መድኃኒቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ በሸክላ ድስት ጣደችው። ጓንግሺ ሲገባ ሽታው ተቀበለው። ጠረጴዛው ላይ የተቀዳለትን ጽዋ አየ፤ እሷን አየ።

"ትኩስ ነው፣ ቀስ እያልክ" አለችው።

ተቀመጠና ፉት አለ። ፊቱን አጨማደደ።

"ይመራል።"

"አዎ" አለች ሩዪ፣ "ይመራል።" ወንበር ስባ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች።