መርዶ ነጋሪው ቤት የመጡ ሰዎች

ኃይለመስቀል ያን ቅዳሜ ጠዋት አጃውን ገና ሳይጨርስ ስልኩ ጠራ። ተክሌ ነው፤ የእድሩ ሊቀመንበር።

"ኃይሌ፣ ዛሬ ኦፍ ነህ?"

"ኦፍ ነኝ። ምነው?"

"አይ፣ እንዲያው ነው። ቁርስ በላህ?"

"እየበላሁ ነው።"

"የደም ግፊት መድኃኒትህንስ ወሰድክ?"

ኃይለመስቀል ማንኪያውን አስቀመጠ። "ወስጃለሁ" አለ ቀስ ብሎ። ተክሌም "ጎሽ፣ በል ደህና ዋል" ብሎ ዘጋው።

ሌላ ሰው ቢሆን "አሳቢ ጓደኛ አለኝ" ብሎ አጃውን ይጨርስ ነበር። ኃይለመስቀል ግን ለአሥራ አራት ዓመት የእድሩ መርዶ ነጋሪ ነው። አትላንታ ውስጥ እናቱ አገር ቤት የሞተችበት፣ ወንድሙ ያረፈበት ሁሉ፣ በማለዳ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው የሱን ረጅም ቁመት ነው። ከዚህ የተነሳ ገበያ ውስጥ ድንገት ሲያገኙት እንኳ ክው የሚሉ አሉ። ወጉን ያወጣውም ራሱ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰውየው ሥራ ቦታ እንዳይሆን ቀድሞ ይጠየቃል። በባዶ ሆዱ አይነገረውም፤ ግፊት ወይም ስኳር ካለበት መድኃኒቱን መውሰዱ ይረጋገጣል። "ስትጠይቁ ታዲያ ድምፃችሁን ቀለል አድርጉ" ብሎ ተክሌን ያስተማረው ማን ሆነና! ተክሌ ደግሞ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ድምፁ ቀልሎ ቀልሎ ሊበር ምንም አልቀረው።

ወዲያው ሐሳቡ ርብቃ ላይ ሄደ።

ርብቃ አንድያ ልጁ ናት፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጓደኞቿ ቤኪ ይሏታል። ፒችትሪ ኮርነርስ ጥሩ የሚከፈልበት የኢንጂነር ሥራ፣ ደንዉዲ ደግሞ መዋኛ ያለው አፓርታማ ነበራት። ያንን ሁሉ ጥላ ባለፈው ጥቅምት ካናዳ ሰሜን ጫፍ፣ የመኪና መንገድ ወደማይደርስበት የደሴት መንደር፣ የባሕር በረዶ ውፍረት ልትለካ ሄደች። እዚያ አገር በክረምት ከሁለት ወር በላይ ፀሐይ አትወጣም። ኃይለመስቀል በሩ ላይ ቆሞ፣ "ከሄድሽ አባት አለኝ እንዳትዪ" አላት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ቃሉ ካመለጠው በኋላ ሊመልሰው ፈልጎ ኩራቱ አልለቅ አለው። ይኸው አራት ወር ከነምናምኑ ሆናቸው ሳይነጋገሩ። ሚስቱን ትዕግስትንም "ስሟ በዚህ ቤት እንዳይነሳ" ብሎ አዘዛት። ከዚያ በየምሽቱ ልጅቱ ለእናቷ ስትደውል፣ ኮሪደር ላይ እንደ ሌባ ተለጥፎ ያዳምጣል። ግትርነትም እኮ ሥራ ነው፤ ያደክማል።

ከትናንት ወዲያ ሐሙስ ጀምሮ ግን የርብቃን ድምፅ አልሰማም። በስልኩ የመንደሯን የአየር ጠባይ ሲያይ ደግሞ ቀይ ምልክት ተለጥፎበታል፦ ማዕበል፣ ከዜሮ በታች አርባ ዲግሪ። ትዕግስትን "ደውላለች ወይ?" ብሎ እንዳይጠይቅ፣ ስሟ አይነሳ ያለው ራሱ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ኃይለመስቀል ወጣትነቱን ሱዳን፣ ገዳሪፍ የስደተኞች ጣቢያ ውስጥ፣ ከጋለ ቆርቆሮ ሥር ያሳለፈ ሰው ነው። አሜሪካ ገብቶ አሥራ ሰባት ዓመት ማቀዝቀዣ ያለው ትልቅ ትራክ ነዳ። አንድ ጥር ላይ ሰሜን ሚኔሶታ ናፍጣው ከብርዱ የተነሳ ረጋና ትራኩ መሀል ሜዳ ላይ ቆመ። እርዳታ እስኪመጣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ወረደ። ምድሩ እስከ ሰማይ ጠርዝ ነጭ ነው። ወፍ የለ፣ ነፋስ የለ፤ የገዛ ደሙ ጆሮው ውስጥ ሲሄድ ይሰማው ነበር። ሲመሽ ሰማዩ አረንጓዴ ለብሶ ይወዛወዝ ጀመር። ፈራ፤ ግን ጋቢና መግባት አልፈለገም። ጣቶቹ እስኪደነዝዙ ቆሞ አየ። ቤቱ ሲመለስ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ለነበረችው ርብቃ፣ "እግዜር ገና ቃል ያልተናገረበት አገር አየሁ" አላት። "ድገምልኝ" እያለች ስንት ዓመት አስደገመችው፤ እሱም በደገመ ቁጥር ትንሽ ይጨምርበታል። እና አሁን በማን ይቆጣ?

ተነስቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ትዕግስት ጀርባዋን ሰጥታው ቆማለች።

"ተክሌ ደውሎ ነበር" አላት።

"እ?" አለች፣ ሳትዞር።

"ዓይንሽ ምን ሆኗል?"

"ሽንኩርት ነው።"

መክተፊያው ደረቅ ነው። ሽንኩርት የሚባል ነገር የለም።

ወደ ሳሎን ተመልሶ መጋረጃውን በጣቱ ገለጥ አደረገ። የሰፈራቸው የስቶን ማውንቴን ዛፎች አበባቸውን ማውጣት ጀምረዋል። ከሁለት ቤት በኋላ፣ ከጡረተኛው ጎረቤት ደጃፍ ላይ፣ የተክሌ ቶዮታ ቆሟል። መኪና ከሐዘንተኛው ደጃፍ ራቅ ተደርጎ ይቆማል፤ ይሄም የሱ ሕግ ነው። ተክሌ ወረደ። አሸብር፣ የአገሩ ልጅና የድሮ የትራክ ባልደረባው፣ ነጠላውን እያስተካከለ ወረደ። ከኋላ ቀሲስ እንድርያስ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። የመኪናውን በር ድምፅ እንዳያሰማ ገፋ አድርገው ዘጉት። ሳይነጋገሩ መጡ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

አንድ ጊዜ አንዲት ሴት በሩን ይዛ ግማሽ ሰዓት አልከፍትም ብላው ነበር። "ክፈቺ እህቴ፣ ምን ማድረግ ይቻላል" ሲላት ቆየ። ለምን እንደያዘችው አሁን ገባው። በሩ እስካልተከፈተ ድረስ ልጁ በሕይወት አለች።

ደወሉ ጮኸ። ከፈተ።

"እንደምን አደርክ ልጄ" አሉ ቀሲስ። ገቡ።

"ተቀመጡ፣ ቀሲስ።"

"አንቀመጥም። ለትልቅ ጉዳይ ነው የመጣነው።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ኃይለመስቀል፣ በሰው ጭንቅ ቀን ቀድመህ የምትደርስ አንተ ነህ። ዛሬ እኛ ወዳንተ መጣን። በትዕግሥት እንድትሰማን ነው። ጉዳዩ የልጅህ የርብቃ…"

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማም። ምንጣፉ ላይ ዘፍ አለ።

"ወይኔ ልጄን!" ጩኸቱ ከየት እንደወጣ ራሱም አያውቅም። "በረዶው ከዳት! ከሥሯ ተሰነጠቀ አይደል? እኔ ነኝ የላክኋት! ተረት አውርቼ አውርቼ የላክኋት እኔ ነኝ!" ደረቱን ይደቃ ጀመር። "ምን አለበት እዚያው ብትኖር! ዕድሜ ልኳን ባትመጣ፣ ዓይኗን ባላይ፣ ትንፋሿ ብቻ ይኑር! አምላኬ፣ እዚያው ትኑርልኝ! ሌላ ምንም አልልህም!"

ሦስቱ ሰዎች ደርቀው ቀሩ። አሸብር "ምን እያለ ነው?" አለ። በመጨረሻ ተክሌ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

"በስመ አብ! ኃይሌ! ልጅህ ደህና ናት! ምንም አልሆነችም! እኛ ሽማግሌ ሆነን ነው የመጣነው!"

"ሽማግሌ?"

"ርብቃ ናት የላከችን" አሉ ቀሲስ፣ እጁን ይዘው ሊያነሱት እየሞከሩ። "ሥራዋን ለሁለት ዓመት እናራዝምልሽ ብለዋታል። ያለ አባቴ ምርቃት አልፈርምም አለች። ሽማግሌ እንዴት እንደሚላክ ጓደኛዋን ሱአድን ጠይቃ፣ በስልክ ለምና ላከችን። ልጅ ለትዳር ሲጠየቅ ነው የማውቀው እኔ፤ ለበረዶ ሲጠየቅ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።"

ኃይለመስቀል ከምንጣፉ ላይ ሆኖ አንድ በአንድ አያቸው። አለች። ወዲያው ከደስታው ሥር ንዴት ተነሳ።

"መኪናውን ለምንድነው እዚያ ፓርክ ያደረጋችሁት?"

"በጥር ከልጅህ ላስታርቅህ ስመጣ አይተኸኝ በጋራዥ በኩል አልወጣህም እንዴ!" አለ ተክሌ።

"መድኃኒቱስ?"

"እንደምትቆጣ እናውቃለና! ግፊትህ ወጥቶ በእጃችን እንዳትቀር ብለን ነው።"

"አንቺስ?" ወደ ወጥ ቤት ጮኸ። "ሁለት ቀን ሙሉ ልጅቱ ስትጠፋ!"

"አልጠፋችም" አለ የትዕግስት ድምፅ። "እንዳትሰማ መኪና ውስጥ ሆኜ ነው ያነጋገርኳት። ሽማግሌ ስንመርጥ ነበር። ዓይኔም ሽንኩርት አይደለም፤ ሁለት ዓመት ልትጨምር ነው ብዬ ነው።"

ኃይለመስቀል ተነሳ። "ልጄን ገድላችሁ፣ አስነሥታችሁ፣ ከዚያ ትለምኑኛላችሁ? ውጡ! ቀሲስ፣ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ፣ ይውጡልኝ! አልፈቅድም! ትምጣ! ዛሬ ነገ ሳትል ትምጣ!"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ትዕግስት ከወጥ ቤት ወጣች፤ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች። ከስልኩ የለቅሶ ድምፅ ይመጣል። ርብቃ ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ ልስማ ብላ ከመጀመሪያው ጀምሮ መስመር ላይ ነበረች።

"አባዬ" አለች። አራት ወር ከምናምን ሙሉ ያልተባለ ቃል ነው። "ኦኬ ነኝ፣ አባዬ። እንደዚህ… ላይክ፣ እንደዚህ እንደምትሆን አላወቅኩም። ስታለቅስ ሰምቼህ አላውቅም። አይ አም ሶ ሶሪ። ኮንትራቱን ሳይን አላደርግም። ሰኞ ፍላይት ቡክ አደርጋለሁ። እመጣለሁ።"

ኃይለመስቀል ስልኩን ተቀበለ። ከጥቅምት ጀምሮ የሚጠብቀው ቃል ይኸው መዳፉ ላይ ነው። "እሺ" ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ምንጣፉ ላይ ወድቆ ለአምላኩ ያለውን ማንም አላነሳበትም፤ ቀሲስ እንኳ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። ትዕግስት ግን ታየዋለች።

ከዚያ ከሚኔሶታ ጉዞ በኋላ ጭነት የሚመድብለትን የኩባንያውን ሰው ዳግመኛ ወደ ሰሜን እንዳይልከው ለምኖት ነበር። ባልደረቦቹ ብርድ ፈራ ብለው ሳቁበት። እሱ የፈራው ብርዱን አልነበረም። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢያየው ወደ ቤቱ መመለስ እንዳይጠላ ነው የፈራው። ልጅ ነበረው፤ የቤት ዕዳ ነበረው። ይሄን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ለትዕግስትም።

"አትምጪ" አላት።

"ምን አልክ?"

"አትምጪ አልኩ። ፈርሚ።" ደረቱን ያመዋል፤ የእውነት ያመዋል። "ማታ ማታ ግን ለእናትሽ አይደለም የምትደውዪው፤ ለኔ ነው።"

"አር ዩ ማድ፣ አባዬ?"

"ተናድጃለሁ። ሽማግሌዎችሽን ልገርፋቸው ነበር።" በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ። "ማዕበሉ አልፏል?"

"ትናንት ማታ አቆመ።"

"እስቲ ውጪውን አሳዪኝ።"

ርብቃ እየሳቀችም እያለቀሰችም ስልኩን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ሰብስበው በኃይለመስቀል ትከሻ ላይ አሰገጉ። ጥቂት የእንጨት ቤቶች፣ ከነሱ ወዲያ በረዶ የሆነ ባሕር፤ ከዚያ ወዲያ ብርሃኑ ሮዝ ነው፣ ጥላው ሰማያዊ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

"ይሄ ነው እንዴ?" አለ ተክሌ። "ምንም የለም እኮ!"

"ዝም በል፣ ተክሌ" አለ ኃይለመስቀል፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል።