በጾም ዓሣ የበላ ውሻ

መምሬ ተክለ ማርያም ሚስታቸው ንግሥቲ ከሞተች ወዲህ ለብቻቸው ነበር የሚኖሩት። ቄስ ሚስቱ ስትሞትበት ሌላ አያገባም፤ ወይ ይመነኩሳል፣ ወይ ባዶ ቤቱን ታቅፎ ይቀመጣል። እሳቸው ለምንኩስናው ልባቸው አልቆረጠም፤ ቤቱን ታቅፈው ቀሩ። አንድ ልጃቸው ትንሳኤ ወደ አንበሳሜ ተድራ ሄዳለች። ቤታቸው ከወረታ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ፣ ከሩዝ ማሳው ዳር ነው። ክረምት ውኃው ሜዳው ላይ ሲተኛ ሰው ለሰው የሚጠያየቀው በጩኸት ነው። ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ሁሉም ወደ ሥራው ይሮጣል፤ የመምሬን ደጅ የሚያንኳኳ አይገኝም።

ከንግሥቲ የቀረ አንድ ውሻ አለ። ቡችላ ሳለ ከገበያ መንገድ አንስታ በነጠላዋ ጠቅልላ ያመጣችው ነው። ያን ጊዜ መምሬ ተቆጥተው ነበር። መስቀል የሚይዝ እጅ ውሻ አይዳብስም፤ ሲጠጋቸው በመቋሚያቸው ጫፍ ገፋ ያደርጉታል። እሷ ከተቀበረች በኋላ ግን ውሻው እሳቸውን መከተል ጀመረ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይሸኛቸዋል፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከዋርካው ሥር ተጋድሞ ይጠብቃል። አላባረሩትም፤ አላቀረቡትምም። ማታ የተረፋቸውን እንጀራ ይወረውሩለታል፣ በልቶ ደጃፉ ላይ ይተኛል።

ኅዳር ሲጋመስ ጾመ ነቢያት ገባ። ያኔ ውሻውም አብሮ ጾመ ማለት ይቻላል። ንግሥቲ በነበረች ጊዜ በጾምም ቢሆን ከየትም ብላ አጥንት ለቅማ ትሰጠው ነበር። መምሬ ግን ይህ አልታሰባቸውም፤ ከቤታቸው የሚገኘው ሽሮና የእንጀራ ድርቆሽ ብቻ ነው፣ ውሻውም የሚበላው እሱኑ ሆነ። ቀድሞም የከሳ ነበርና በጥቂት ቀን ጎኑ ገባ፣ አጥንቱም ይቆጠር ጀመር።

የኅዳር ጽዮን ዋዜማ ዕለት ጠዋት፣ መምሬ ከሰዓት በኋላ ለሚቆመው ማኅሌት የበዓሉን ነጭ ጥምጥማቸውን አጥበው ሲያሰጡ፣ ከጓሮ የሚያጓራ ነገር ሰሙ። ዞር ብለው ቢያዩ ውሻው አራት እግሩን አንፈራጦ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። አፉ አረፋ ደፍቋል። ሆዱ እየተሸበሸበ ይንጠዋል እንጂ የሚወጣ ነገር የለም። ከፊቱ ግማሹ የተበላ የደረቀ ዓሣ ወድቋል፤ ዓሣው ላይ ጥቁር ዱቄት ተለጥፎበታል። ጎንበስ ሲሉ የነጭ ሽንኩርት ሽታ አፍንጫቸውን መታው።

ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ከአጥሩ ማዶ የያየህ የሩዝ ክምር አለ። አጨዳው ሲያልቅ አይጥ ከየጉድጓዱ ወጥቶ ክምሩን ይወርራል፤ ሰዉም ዓሣ ላይ መርዝ ነስንሶ ያጠምዳል። የራበው ውሻ የዓሣ ሽታ ስቦት በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ነው ያመጣው።

የሚያደርጉት ጠፋቸው። ወተት መርዝ ያረክሳል ሲባል ሰምተዋል፤ በጾም ወራት ግን ወተት ከቄስ ቤት ምን ሊሠራ? ስልካቸውን አውጥተው ለልጃቸው ደወሉ።

«አባባ፣ ምን ሆኑ? በደኅናዎ ነው?» አለች ትንሳኤ ደንግጣ። በሳምንቱ መካከል አይደውሉም ነበርና።

«እኔ ደኅና ነኝ። ውሻው መርዝ በልቶ ሊሞት ነው።»

«የእማ ውሻ?»

«የእናትሽ።»

ከዚያ ባሏ ከብት ሲታመምበት የሚደውልለት አንድ የእንስሳት ሐኪም ወረታ እንዳለ፣ በላይነህ እንደሚባል ነግራቸው ቁጥሩን አስያዘቻቸው።

ሐኪሙ ወዲያው አነሣ። ንግግሩ የሸዋ ነው። ውሻው መመረዙን ሲነግሩት፣ ሌላ ሳይጨምር «ምን በላ?» ብሎ ጠየቀ።

«ዓሣ። ለአይጥ የተጠመደ።»

«መርዙ ምንድን ነው?»

«እንጃ ልጄ። ጥቁር ዱቄት ነው። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል።»

«መቼ ነው የበላው?»

«ማለዳ ደኅና ነበር። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው።»

«መልካም። ያስመለሰው ነገር ቢኖር አይሽተቱ፤ ትንፋሹ ለሰውም አይበጅም። ሜዳ ላይ ያውጡት።»

«ወተት ፈልጌ ላጠጣው?»

«አይሆንም አባ! ወተትም፣ ዘይትም፣ የጨው ውኃም አይስጡት። እህልም እንዳይቀምስ። ያስመልሰው ብለው ጉሮሮውን እንዳይነካኩ፤ ወደ ሳንባው ይገባበታል። አሁኑኑ ይዘውት ይምጡ። ደግሞ መርዙ የነበረበትን ላስቲክ ያምጡልኝ።»

«ላስቲኩ ምን ያደርጋል?»

«የአይጥ መርዝ ብዙ ዓይነት ነው። ቀን ቆይቶ ደም የሚያፈስስ አለ፣ ለእሱ መርፌ አለኝ። ሆድ ውስጥ ሲገባ ጋዝ ሆኖ ፈጥኖ የሚገድልም አለ። ሽታው የኋለኛውን ይመስላል፤ ግን በግምት እንዳልሠራ ያጠመደውን ሰው ይጠይቁልኝ።»

ያጠመደውን ሰው። መምሬ ስልኩን ዘግተው አጥሩን አዩት።

ከያየህ ጋር ሰላምታ ካቆሙ ሁለት መኸር አልፏል። ነገሩ እንዲህ ነበር። ያየህ በበዓለ እግዚአብሔር ቀን ሩዙን ሲያጭድ ተገኘ። መምሬም የነፍስ አባቱ ነበሩና፣ በማግሥቱ በሰንበቴው ላይ በሰው ፊት ስሙን ጠርተው ገሠጹት። ሳምንት ሳይሞላ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ፤ በዓል አክብሮ ያላጨደው ሁሉ ሩዙን ውኃ በላበት፣ የያየህ ብቻ ተረፈ። ሰዉ ከንፈሩን እየነከሰ ሳቀ። ያየህ አፉን ሞልቶ የተናገረው ነገር የለም፤ ብቻ የነፍስ አባቱን ለወጠ። ንግሥቲ በዚያው ዓመት ስትሞት ከቀብር ቆመ እንጂ ከመምሬ ፊት ደርሶ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» አላላቸውም። መምሬ ይህን አልረሱም።

አሁን ዞረው በዋናው በር ሄዱ። ያየህ አውድማው ላይ በሬዎቹን እየነዳ ሩዝ ያበራያል። ሲያያቸው በሬዎቹን አቆመ፤ ጅራፉን ግን ከእጁ አላስቀመጠም።

«እንዴት አደርክ» አሉት።

«እግዜር ይመስገን» አለ ያየህ፤ አላጎነበሰም። «ምነው መምሬ፣ በደኅና?»

«ውሻዬ ካጠመድኸው መርዝ በላ።»

የያየህ ፊት ጠቆረ። «ከክምሬ ምን አስገባው? እኔ በግቢዬ ነው ያጠመድሁ። ሽማግሌ ሊሰበስቡብኝ ከሆነ...»

«ለክስ አልመጣሁም» አሉ መምሬ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስርቤው ነው። ሐኪሙ የመርዙን ስም አምጣ ብሎኝ ነው። ልለምንህ ነው የመጣሁ።»

ያየህ ጅራፉን ጭዱ ላይ ጥሎ ወደ ቤት ገባና፣ የተቀደደች ትንሽ ላስቲክ ይዞ ወጣ። አይጥ ተስሎባታል፤ ጽሕፈቱ የባዕድ ነው። «ከገበያ አንዱ አዟሪ ነው የሸጠልኝ። እኔም ስሙን አላውቀው» አለና፣ ከአውድማው ዳር ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት አንስቶ አቀበላቸው። «በዚህ ይጠቅልሉት። ባጃጅ ልጥራልዎ።» ደወለ። ደውሎም ወደ በሬዎቹ ተመለሰ።

ውሻውን በከረጢቱ ሲያነሡት አካሉ ቀላል ሆነባቸው። በዕድሜያቸው ውሻ ሲያቅፉ የመጀመሪያቸው ነው። አረፋው በጋቢያቸው ላይ ተንጠባጠበ። ባለባጃጁ ከላይ እስከ ታች አያቸው፤ ጥምጥም፣ ጋቢ፣ ውሻ። ሸራውን ሁሉ ገልጦ ነፋስ እያስገባ ነዳ። ወረታ ሲገቡ መስቀል ሊሳለሙ ቀረብ ያሉ ሁለት ሴቶች ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ሲያዩ ሸሸት አሉ። መምሬ አንገታቸውን ደፉ።

ከክሊኒኩ በር አንዲት ሴት ከሜዳው የነዳቻትን ጊደር ይዛ ተራ ትጠብቅ ነበር። «ይግቡ መምሬ፣ የእኔዋ ትቆያለች» ብላ አሳለፈቻቸው።

በላይነህ ወጣት ነው፤ ፊቱ ግን የደከመው ሰው ፊት። ላስቲኳን ወደ ብርሃን አዙሮ አነበበና ራሱን ነቀነቀ። «የፈራሁት ነው። ይህኛው ቀጥታ ማርከሻ የለውም። የምንችለውን እናደርጋለን።» የሆድ አሲድ የሚያበርድ መድኃኒት ሰጠው። ከዚያ እንደ ከሰል የጠቆረ ዱቄት በጥብጦ በቱቦ አስገባለት፤ እግሩን ላጭቶም ግሉኮስ ሰካለት። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተዋል።

«ጠዋት ሌላ ምን በልቶ ነበር?»

«ምንም። ማታም ጥቂት ድርቆሽ ነው የሰጠሁት።» መምሬ አፈሩ።

«ይኸ ሳይጠቅመው አልቀረም። ሆድ ሲሞላ ነው ይህ መርዝ የሚብሰው።» ከዚያ የውሻውን ዓይን ገልጦ አየ። «እየደከመ ነው። ድምፅዎን ያውቃል፤ ይጥሩት እስኪ። ስሙ ማነው?»

መምሬ ስሙን ያውቁታል፤ ግን በአፋቸው ጠርተውት አያውቁም። ስሙን ያወጣችለትም፣ ማለዳና ማታ የምትጠራውም ንግሥቲ ነበረች። እሷ ከሞተች ጀምሮ ያ ስም በዚያ ቤት ውስጥ አልተሰማም።

«ዳለቻ» አሉ ቀስ ብለው። «ዳለቻ... ዳለቻ፣ ና እንጂ።»

ንግሥቲ ስትጠራው ና እንጂ ትል ነበርና ሳያስቡት አብሮ ወጣባቸው። የውሻው ጆሮ ተንቀሳቀሰ። መምሬ መስኮቱ ወዳለበት ዞረው ቆሙ። በላይነህ ያላየ መስሎ መርፌውን ማስተካከል ቀጠለ።

«የቤቱ ጠባቂ ነው?» አለ ቆይቶ።

«የባለቤቴ ነው። ባለቤቴ ሞታለች።»

«ነፍስ ይማር። እኔም ወደዚህ ከመጣሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ማታ ማታ ከስልክ በቀር የማናግረው የለኝም።» ትንሽ ፈገግ አለ። «እዚሁ ይደር። ነገ ጠዋት ቆሞ ከጠበቀን ተርፏል ማለት ነው። ጉበቱን ግን መጠበቅ አለብን።»

መምሬ ባጃጅ አልያዙም፤ በእግራቸው ተመለሱ። ፀሐይ ወደ ጣና አዘቅዝቃለች፤ የታጨደው ሜዳ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል፣ ከብቱ ቃርሚያ እየለቃቀመ ተበትኗል። ከቤተ ክርስቲያኑ የዋዜማው ከበሮ ይሰማል። ሊደርሱበት ይችሉ ነበር፤ ግን ጋቢያቸው አድፏል፤ ወደ ቤት ቀጠሉ። ደጃፋቸው ላይ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው አንድ እግራቸውን ከፍ አድርገው ተሻገሩ፤ ውሻውን እንዳይረግጡ። የተሻገሩት ባዶ መሬት ነበር። ገብተው ተቀመጡ። ቤቱ ውስጥ የሚተነፍሰው እሳቸው ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው በቅጡ የሰሙት።

በማግሥቱ ንግሥ ነው። መምሬ ታጥበው ልብስ ለውጠው ሄዱ፤ ለአለቃው ግን «ዛሬ መቅደስ አልገባም፤ ልቤ አልተሰበሰበም» ብለው ከምእመኑ ጋር ቆሙ። «ዋዜማውን ለውሻ ብለው ተዉት» የሚል ሹክሹክታ ከጀርባቸው ሰሙ፤ አልዞሩም። ካህን ሆነው ሕይወታቸውን ሙሉ የቀደሱት ከመጋረጃው ወዲያ ነው። ከምእመኑ መካከል ሲቆሙ የሴቶቹ ወገን በሙሉ ታያቸው። ከምሰሶው ሥር ንግሥቲ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ቆማለች። ይህን ያህል ዓመት እሷ ከዚያ ሆና ስታያቸው፣ እሳቸው ቦታዋን እንኳ በቅጡ አይተውት እንደማያውቁ ታወቃቸው። እንባቸው ወረደ። ሰው የበዓሉ ደስታ መሰለው።

ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሲበተን በላይነህ ደወለ። ዳለቻ ቆሟል፤ ውኃም ጠጥቷል። መምሬ ክሊኒኩ ሲደርሱ ውሻው እያጋደለ መጣና ጉልበታቸውን በራሱ ተደገፈ። በመቋሚያቸው አልገፉትም። በላይነህ የተቀቀለ ሩዝ በትንሽ በትንሹ እንዲሰጡት፣ ድዱና ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ቶሎ እንዲመልሱት አዘዛቸው።

ቤታቸው ሲደርሱ ያየህ አጥሩ ሥር አካፋውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። «መርዙን ለቃቅሜ በጥልቅ ቀበርሁት፤ የአጥሩንም ቀዳዳ ደፈንሁ» አለ፣ ዓይኑን ከውሻው ሳያነሣ።

«እግዜር ይስጥህ።»

ሊሄድ ዞረና ቆመ። «ንግሥቲ ስትሞት...» አለና ኮፍያውን አወለቀ። «ይፍቱኝ መምሬ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት፤ «እኔንም ይፍታኝ» ብለው መስቀላቸውን በአጥሩ በላይ ዘረጉለት። ተሳልሞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አላቋረጡም፤ ያየህ ግን የነፍስ አባቱን አልመለሰም፤ ወደ መምሬ ቤትም ገብቶ አልተቀመጠም። አንዳንድ ነገር ከተሰበረ በኋላ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው የሚጠገነው።

በዚያው ምሽት ትንሳኤ ደወለች። «ውሻው እንዴት ሆነ አባባ?»

«ተርፏል። ሩዝ በላ።»

«እሰይ! እርስዎስ?»

ሁልጊዜ «እኔማ ደኅና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» ነበር መልሳቸው። ዛሬም አፋቸውን ለዚያው ከፈቱ፤ አልወጣ አላቸው።

«ቤቱ ሰፋብኝ ልጄ» አሉ።

ከወዲያ በኩል ትንሳኤ ስታለቅስ ሰሟት።

ለገና ባሏንና ልጇን ይዛ መጣች፤ ጥቂት ቀን ሰነበተች። ቤቱ ጮኸ፣ ሞቀ፣ ዕቃው ሁሉ ከቦታው ተነቃነቀ። የሄደች ዕለት መምሬ እስከ አስፋልቱ ሸኟት። አውቶቡሱ ሲርቅ፣ «እንግዲህ ዳለቻ፣ እንሂድ» አሉና በሜዳው መካከል ወደ ቤታቸው አቀኑ።