አንድ ሊትር የሚያደርሰው

ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ አንዲት ደቂቃ አርፍዶ አያውቅም፤ ለዚህም ነው መንገደኞቹ «ደቂቃ» ብለው ያወጡለት። ጡረታ ከወጣም በኋላ ስሙ አልለቀቀውም። ሚስቱ እንኳ ስትናደድ «ደቂቃ!» ብላ ነው የምትጠራው፤ ስትወደው ግን ምንም አትለውም፣ ዝም ብላ ታየዋለች። እንዲህ ያለ ሰው እህቱን ለማየት አሥራ አንድ ዓመት አረፈደ ሲባል ማን ያምናል? እሱም ራሱ ሲያስበው ግራ ይገባው ነበር።

ታላቅ እህቱ የምትኖረው ከወንዙ ማዶ፣ መቶ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ርቃ ነው። ባሏ ሲሞት ደቂቃ አልሄደም። «ተረኛ ነኝ» ብሎ በሰው አስነገረ። ያን ሳምንት ግን ተረኛ አልነበረም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ሲያይ ነው የሰነበተው፤ የእህቱን ፊት በዚያ ሁኔታ ማየት ፈርቶ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ያለመሄዱ ኀፍረት ራሱ እንዳይሄድ አሰረው። ዛሬ ነገ ሲል ዓመቱ ተቆለለ።

ታዲያ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«እኔ ነኝ» አለች እህቱ፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል። «ዳሌዬ ተሰብሮ መቀመጥ አልችልም፤ ተኝቼ ነው የምውለው። የምታጥበኝ ጎረቤቴ ዝናብ ሲገባ ልጆቿ ዘንድ ትሄዳለች። የምትመጣ ከሆነ ና። የማትመጣ ከሆነም ንገረኝና ሌላ ነገር ላስብ።»

«እመጣለሁ፣ እትዬ» አለ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከጆሮው አላነሳውም።

መቀመጥ የማትችል ሴት አውቶቡስ ላይ አትጫንም። ባለመኪናዎቹ ደግሞ ያ ወንዝ ድልድይ የለውም፣ ውሃ ውስጥ መኪናችንን አናስገባም አሉ። የቀረው የአባታቸው ፒክአፕ ነበር። ከጓሮ፣ ሸራ ለብሶ፣ አራቱም ጎማው መሬት ላይ ተኝቶ ነው የኖረው፤ ቀለሙ ድሮ ሰማያዊ ነበር ይባላል። ሞተር ሲከፍት ነጭ ጓንት ስለሚያጠልቅ ሰፈሩ «ዶክተር» የሚለው ጎረቤታቸው መካኒክ መጥቶ ሸራውን ገለጠ፣ አየ፣ ጓንቱን አጠለቀ።

«ነፍስ አለው?» አለ ደቂቃ።

«ነፍስማ አለው። ጨዋታው የለውም እንጂ።»

በሦስት ሳምንት ሞተሩ ተነሣ። የዛገው ወለል ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደበት። የጋቢናው የኋላ መስታወት ተሰብሮ ስለነበረ ልኩ ቢፈለግ ቢፈለግ አልተገኘም፤ ክፍቱን ቀረ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ለኋላው መጫኛ ልክ የሆነ ወፍራም ፍራሽ በአንድ ሳምንት ሰፍታ፣ ጠቅልላ፣ ሳሎን ወንበር ላይ አስቀመጠችው። «በእኔ በኩል ዝግጁ ነኝ» አለች።

ችግሩ ነዳጁ ነበር። በዚያ ወቅት ለአንድ መኪና በወር የሚፈቀደው ሃያ ሊትር ብቻ ነው፤ ከከተማው ዳርቻ ወዲያ ደግሞ ማደያ የሚባል የለም። ደርሶ መልስ ሁለት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር። በሃያ ሊትር ለመመለስ መኪናው በአንድ ሊትር አሥራ አንድ ተኩል መሄድ አለበት። ደቂቃ ይህን ሂሳብ በእርሳስ ጽፎ ዳሽቦርዱ ላይ ለጠፈው። ያን ቀን ዓይኑ ውስጥ የገባችው ብርሃን ሚስቱን ደስ አላላትም።

ልኬቱን ያስተማረው ዶክተሩ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን በጠርሙስ ሞልተህ ጋቢና ውስጥ ታንጠለጥላለህ፤ በቀጭን ጎማ ነዳጅና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡራተር ጋር ታገናኘዋለህ፤ ከዚያ መንዳት ነው፣ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ። የቆምክበት ቦታ የአንድ ሊትርህ ዳርቻ ነው። «የሚያጨስ ሰው ብቻ አጠገብህ እንዳይደርስ» ብሎ አስጠነቀቀው።

የመጀመሪያዋ ሊትር ስድስት ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ ሜትር ሄዳ ፀጉር አስተካካዩ ደጅ ላይ አለቀች። ግማሽ ጢሙን የተላጨ ደንበኛ ከነአረፋው ወጥቶ መኪናውን ገፋለት። ደቂቃ መንገዱ ዳር በኖራ መስመር አሰመረ።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ጎማዎቹ ልካቸውን ተነፉ። ፍሬኑ ሳይረገጥም ጎማውን ይዞ ይጎትት ስለነበረ ተፈትቶ ተስተካከለ። የአየር ማጣሪያው ውስጥ ተርብ ቤት ሠርቶ ተገኘ። ካንዴላዎቹ ተቀየሩ፣ እሳት የሚሰጡበት ጊዜም ተስተካከለ። ነዳጅ የሚያሳልፈው የካርቡራተሩ ቀዳዳ በዘመን ብዛት ሰፍቶ ነበር፤ ዶክተሩ ጠባቡን ከሌላ አሮጌ ካርቡራተር ነቅሎ አመጣለት። ጣሪያው ላይ የነበረው የብረት ዕቃ መጫኛ ወረደ። ደቂቃ ራሱም ታደሰ፤ ጫማውን አውልቆ በካልሲ መንዳት ጀመረ፣ ነዳጅ መስጫው በእግሩ ጣት ሥር ሲተነፍስ እንዲሰማው።

ሊትሯም ረዘመች። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ አጥር ጋ አለቀች፤ ልጆች የማባዛት ሰንጠረዥ በዜማ ሲሉ ሰማ። ሌላ ቀን ጡብ መተኮሻው ጋ አለቀች፤ ቀይ አቧራ በፀሐይ ውስጥ ተንሳፍፎ መውረድ አልፈለገም። አንድ ጠዋት ደግሞ ከከተማው ወጥታ፣ ሸምበቆ የበቀለበት ኩሬ ዳር ወሰደችው። ሞተሩ ሁለቴ ተንተባተበና ዝም አለ። መኪናው ግን ወዲያው አልቆመም፤ ያለ ድምፅ መንሳፈፍ ቀጠለ፣ ሸምበቆውም አብሮ የሚሄድ መሰለ። ደቂቃ ያን ጊዜ የሚይዘውን ስሜት ለማንም አልተናገረም። በዚያ ዝምታ ውስጥ የሃያ ዓመት ወጣት እህቱ ይህንኑ መኪና ስትነዳ ያያት ነበር፤ ፀጉሯ በመስኮት ወጥቶ፣ አባታቸው «ቀስ በይ አንቺ!» እያለ፣ እሱ ትንሹ መሐል ተጣብቆ። መኪናው ሲቆም እሷም ትጠፋለች። ስለዚህ ደግሞ ጠርሙሱን ይሞላል።

ባዶ መኪና መለካት ትርጉም የለውም ብሎ እህቱን የሚያህል አሸዋ ጫነ። ስልሳ ኪሎ፣ በሦስት ከረጢት፣ እንደ ሰው በረድፍ ተጋድሞ። መስታወት በሌለው የኋላ መስኮት በኩል ከአሸዋው ጋር ማውራት መቼ እንደጀመረ አያስታውስም። መጀመሪያ «ተመቸሽ?» ይል ነበር፣ ለቀልድ ያህል። እየቆየ ቀልዱ ቀረ። «እትዬ፣ ያኔ…» ብሎ ይጀምርና ማርሽ ይቀይራል። አሸዋው ይጠብቀዋል። አሸዋ ምን ቸገረው።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሊትሯ አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት ገባች። ማታ ሲመለስ ሚስቱ ራት እያቀረበች «እና? አለቀ አይደል?» አለችው።

«ጥሩ ነው። ግን ትንሽ መጠባበቂያ ያስፈልጋል፤ ነፋስ ቢኖርስ? አሥራ ሁለት ባደርሳት…»

ጭልፋውን አስቀመጠች። «ደቂቃ!»

ቀና አለ። ስሙ በዚያ ድምፅ ሲጠራ ነገር አለ ማለት ነው።

«ዛሬ እህትህ ደውላ ነበር። የምታጥባት ጎረቤቷ ቅዳሜ ትሄዳለች፤ ወዲያ ማዶ መዝነብ ጀምሯል። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሁለት ወሩን ነዳጅ የት አደረግኸው?»

«እየለካሁበት ነዋ።»

«አርባ ሊትር፤ አሸዋ ስታንሸራሽርበት። ታንኩ ስልሳ ይይዛል አላልከኝም? የሁለቱን ወር እንዳለ አስቀምጠህ የዚህን ወር ብትጨምርበት ኖሮ ስልሳ ሊትር ነበረህ። በዚያ በስድስት ኪሎ ሜትሩም ደርሰህ ትመጣ ነበር፤ ተርቡ እንኳ ከቤቱ ሳይነሣ!»

ሕፃን የሚሠራው ሂሳብ ነው። ዶክተሩም እሱም፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ነዳጅ እንዴት እንደሚቆጠብ ለማወቅ ነዳጁን ጨርሰውት ኖሯል።

«እኔ እኮ አላሰብኩትም» አለ በቀጭን ድምፅ።

«አስበኸዋል አላልኩም» አለች ሚስቱ፣ አሁን ለስለስ ብላ። «እሷን ፈርተህ ነው እንጂ ነዳጅ ምን አደረገህ? በል አሸዋውን አውርድ። የዚህን ወር ሃያ ነገ ቀድተህ ሂድ።»

አሸዋውን ሲያወርድ ከአሸዋው ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አፈረ፤ ይህን የምለው እየቀለድኩ አይደለም።

በማግስቱ ከማደያው እንደወጣ ፍራሹን አንጥፎ፣ በካልሲው፣ በሃምሳ ፍጥነት ሄደ። ሰማዩ ዝቅ ብሎ፣ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ቀን ነበር። ኮረብታዎቹ ወደ እሱ ሲመጡ ያንገራግሩና ከዚያ በጎን ያልፉታል። ወንዙ ገና ከጎማው እምብርት አልዘለለም፤ መኪናው ቀስ ብሎ ገባበት፣ ለጥቂት ጊዜ መሬት የረሳ መሰለ፣ ከዚያ በወዲያኛው ዳር ውሃውን እያራገፈ ወጣ።

እህቱ መስኮት ሥር ተኝታ ነበር። አንሳለች። አልጋው ውስጥ የቀረው ዓይኗና አገጯ ብቻ ነው ቢባል ይሻላል። ስትዘጋጅበት የከረመችው ነገር እንዳለ ያስታውቃል፤ ግን እንዳየችው፣

«ወፍረሃል» አለችው።

«አንቺ ደግሞ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ከጎረቤቷ ጋር በአንሶላ ይዘው አወጧት፣ ፍራሹ ላይ አጋደሟት፣ በብርድ ልብስ ጠቀለሏት። ሴትዮዋ አልቅሳ ሸኘቻት። ደቂቃ ለሁለት ወር ያጠናውን ንግግር ፈለገው፤ አንዲት ቃል አልተገኘችም።

ወንዙን ተሻግረው አስፋልት እንደያዙ ከኋላ በምርኩዝ ጋቢናው ተደበደበ።

«አንተ ልጅ! መኪናው ታሟል እንዴ?»

«ደህና ነው፣ እትዬ። ነዳጅ እንዲበቃን ነው፤ ከሃምሳ ካላለፍኩ ቤት ያደርሰናል።»

ከዚያ ድምፅዋ በክፍቱ መስኮት፣ ጆሮው ሥር መጣ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀስ ብለህ መጣህ። አሁንም ቀስ ልትል ነው? ስድስት ወር ጣሪያ ሳይ ከርሜ ዛሬ ገና ሰማይ አየሁ። ንዳው!»

ደቂቃ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ሂሳብ አየ። መንገዱን አየ። ከዚያ እግሩን ጫነ። ስልሳ፣ ሰባ፣ ሰማንያ። አሮጌው መኪና መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ጸጥ ብሎ በረረ። ዛፎቹ ወደ ኋላ ፈሰሱ። ከበስተኋላው አንድ ድምፅ ሰማና ታመመች ብሎ ዞር አለ። እየሳቀች ነበር።

ነዳጁ ቤታቸው ሊደርሱ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሲቀራቸው፣ በአሥር ሰዓት ፀሐይ፣ ሜዳ መሐል አለቀ። ደቂቃ ለዶክተሩ ደውሎ ሁለት ሊትር በሞተር ሳይክል እንዲያመጣለት ለመነው። ከዚያ ጋቢና ውስጥ መቀመጥ ይችል ነበር። ወርዶ ከኋላ ወጣ፣ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እትዬ።»

«ወዬ።»

«ባልሽ ሲሞት ተረኛ አልነበርኩም።»

ደመናው ተከፍሎ ነበር፤ ሰማዩን እያየች፣ «አውቃለሁ» አለች። «በማግስቱ መሥሪያ ቤትህ ደወልኩ። እረፍት ላይ ነው አሉኝ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔ ምን ልንገርህ? አንተ እስክትነግረኝ ነበር የጠበቅኩት።»

ያን ጊዜ አለቀሰ፤ ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቀ። እሷም እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ ጆሮውን ያዘችው፣ እስኪያመው ድረስ ጎተተችው። የሞተር ሳይክሉ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ፣ ቀረበ፣ አጠገባቸው ቆመ። ጆሮውን ግን አልለቀቀችውም።