ፌብሩዋሪ ሠላሳ

የሺወርቅ ፌስቡኳን የዘጋችው ተናዳ ነው። አባቷ አዲስ አበባ ባረፉ በሦስተኛው ቀን ፎቶግራፋቸውን ለጥፋ «አባቴን አጣሁ» ብላ ጻፈች። ከአራት መቶ አሥራ ሁለት ወዳጆቿ ሠላሳ ሰባቱ «ላይክ» አደረጉላት። ነገርየዋ ገና መውጣቷ ነበርና ሰዉ አዲስ መጫወቻ ሆኖበት ያገኘውን ሁሉ ይጫናል እንበል። ቢሆንስ? የሰው ሞት ደስ አለኝ ተብሎ ይጫናል? ሌሎቹ ደግሞ «አር አይ ፒ» የሚሉ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ጣል አድርገው አለፉ። ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ካለው ቤቷ ድረስ መጥቶ ወንበር ጫፍ ላይ የተቀመጠ ግን አልነበረም። «ፖሌ ሳና፣ ማማ» ብሎ በስዋሂሊ አጽናንቶ ባርኔጣውን ያወለቀላት የግቢው ዘበኛ ብቻ ነው፤ እሱም ቆሞ።

ለቅሶ እንዲህ አይደለም። ለቅሶ ማለት ሰው መጥቶ፣ የሚናገረው ጠፍቶት፣ ዝም ብሎ አጠገብህ ሲቀመጥ ነው። ቀብሩ በማግስቱ ስለነበር የሺወርቅ አልደረሰችም፤ ስለዚህ የቀራት ያ መቀመጥ ብቻ ነበር፤ እሱንም ያደረገላት አልተገኘም። ቀን ቀን በአንድ የስደተኞች ድርጅት ቢሮ የሰው ወረቀት ስትተረጉም ትውላለች። ጥር ሃያ አንድ ስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት የተወለደውን ጃንዋሪ ሃያ ዘጠኝ ሰባ ታደርገዋለች፤ በዚህ ሥራ ተሳስታ አታውቅም። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ቤቱ ጭር ብሎ ይጠብቃታል፤ እሷም ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን፣ ናይሮቢ በዝናብ በጨቀየችበት በሚያዝያ ማለቂያ፣ ኮምፒውተሯን ከፈተችና መፈለጊያው ላይ በአማርኛ አንዲት ቃል ጻፈች፦ ካፊያ። የአባቷ ቃል ነበረች። አባቷ መንገዳቸው ሲስተጓጎል ስለማይወዱ ዶፍ ሲወርድ እንኳ «ካፊያ ናት፣ ተነሺ» ነበር የሚሉት።

«ካፊያ» የሚል ገጽ መጣ። ነጭ ገጽ፣ ጥቁር ፊደል። ፎቶግራፍ የለ፣ ማስታወቂያ የለ፣ ጓደኛ ልሁንሽ የሚል የለ። ከላይ እንዲህ ይላል፦

«ብርሃነመስቀል እባላለሁ። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር የምኖር ስደተኛ ነኝ። ዕድሜዬን ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበርኩ፤ አሁን የምለቅመው እዚህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አብዱልፈታ ሻይ ቤት ከመስኮቱ ሥር አለሁ። ያነበበኝ ይምጣ። 1/1/1999»

ባለንበት በ2009 ይህ የአሥር ዓመት ጽሑፍ ነው ማለት ነው። የሺወርቅ «እኒህ ሰውዬ ይሄኔ የት ሄደው ይሆን» ብላ ባለቤት አልባ ቤት እንደገባ ሰው ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ዘለቀች።

ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው፤ የዓለም ወሬ የለባቸውም። ስለ ዝናብ፣ በጣራው ላይ ስለሚዞረው ጭላት፣ አማርኛና ስዋሂሊ ስለሚጋሯቸው ቃላት ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ 20/4/2000 ተብሎ፣ «ከተማው ታመሰ፤ ማታቱ ታክሲ የለም፤ አብዱልፈታም አልከፈተም» ይላል። እሷ የምታውቀው ከኬንያው ምርጫ በኋላ የተነሣውን፣ ከዓመት ተኩል በፊት የሆነውን ብጥብጥ ነው። «ያኔም ነበር እንዴ?» ብላ አለፈችው። ሰው የያዘውን ይዞ ሲነዳ የመንገዱን ምልክት አያይም።

ገጹን እንዳትጨርሰው ሰሰተች። በቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ብቻ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ በተራ ታነባለች። ማንም ይሄን እዪልኝ አይላትም፤ ማን እንዳየ የሚቆጥርም የለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እሷም በሁለተኛው ሳምንት ራት አብስላ መብላት ጀመረች።

ከገጹ ግርጌ «የእንግዳ መዝገብ» የምትል ትንሽ ሣጥን አለች። «እዚህ ጻፉ። አንብቤ አወጣዋለሁ፤ አትቸኩሉ» ትላለች። የሺወርቅ የሚያነበው ሰው እንደሌለ እርግጠኛ ስለነበረች ለነፍስ አባቷ እንኳ ያልተናገረችውን ጻፈች፦

«አባቴ እሑድ ደውሎልኝ ነበር። ስልኩ ሲጠራ አይቼዋለሁ። የማላውቃት ሴት የሠርግ ፎቶ እያየሁ ስለነበር ኋላ እደውላለሁ አልኩ። ሐሙስ ሞተ። ለቅሶ የመጣ ሰው የለም። ቢመጣም ይሄን እንዴት እነግረዋለሁ? የሺወርቅ»

ላከችው። ጉድጓድ ውስጥ ጠጠር እንደመጣል ነበር፤ ግን ቀለል አላት።

አንድ ወር አለፈ። አንድ ዓርብ ከሥራ ተመልሳ የዕለቱን ከፈተች። ጭላቱ የአብዱልፈታን ሳምቡሳ ከሳህን ላይ ነጥቆ መሄዱን፣ አብዱልፈታም ጭላቱን በአራት ቋንቋ መርገሙን ይተርካል። ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ብቻዋን በተቀመጠችበት ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ ቀኑ ላይ አረፈ፦ 30/2/2001።

«ፌብሩዋሪ ሠላሳ የላትም» አለች ድምፅ አውጥታ።

ወራቱን ከመስከረም ጀምራ በጣቷ ቆጠረችና «ጥቅምት» አለች።

ጥቅምት ሠላሳ ሁለት ሺህ አንድ፤ በፈረንጆቹ ያለፈው ኖቬምበር ማለት ነው። ሰውዬው ሞተውም ጠፍተውም አልነበረም። በአገራቸው ቀን ነው የሚጽፉት፤ በየትኛው ሊጽፉ ኖሯል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የስንቱን ሰው ልደት ስትገለብጥ የኖረች ሴት ቢሮ ውስጥ በያዛት የፈረንጅ ቁጥር የአንድ ሽማግሌ ዕድሜ ላይ ስምንት ዓመት ጫነችበት።

ወደ መጨረሻዎቹ ዘለለች።

«7/9/2001። የሺወርቅ የምትባል እንግዳ ጻፈችልኝ። ልጄ፣ የጻፍሽው እኔው ጋ ይቀመጣል፤ ለሰው አላወጣውም። ለቅሶ ልደርስሽ ፈልጌ ቤትሽን አላውቀውም። ቅዳሜ ነይ።»

«8/9/2001። አልመጣችም። ዝናብ ነበር።»

«22/9/2001። ሁለት ሻይ አዘዝኩ። አንዱ ቀዘቀዘ።»

«10/10/2001። የጉዞ ወረቀቴ አለቀልኝ። ነገ ወደ ኖርዌይ እበራለሁ። ልጄ፣ አባት የደወለው ድምፅሽን ሊሰማ እንጂ ሊቀየምሽ አይደለም። ይህን ፊት ለፊት ልነግርሽ ነበር የፈለግሁት።»

ያ «ነገ» ትናንት ነበር። የሺወርቅ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሰው ጠፋ ብላ የተቀየመችው ከተማ ውስጥ፣ አንድ ሰው አምስት ቅዳሜ ሙሉ ወንበር ይዞላት ነበር።

በማግስቱ ግን ሄደች። ለምን እንደምትሄድ እሷም አታውቅም። ማታቱው ኢስትሊ ጭቃ መሀል አወረዳት፤ ጠይቃ ጠይቃ ሻይ ቤቱን አገኘችና ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ሽርጥ የታጠቀ ሸምገል ያለ ሰው መጥቶ አያት።

«የሺወርቅ ነሽ?»

«እንዴት አወቁኝ?»

«እዚህ ጋ ውሃ ያስገባል፤ ከጋሼ ብርሃነመስቀል በቀር ማንም አይቀመጥበትም። እኔ አብዱልፈታ ነኝ። ሐሙስ ሄዱ፣ እህቴ። ያለፈው ቅዳሜ እንኳ እስክዘጋ ነው የጠበቁሽ።»

«ምን አሉ?»

«እኔ ከሌለሁ አንተ ተቀመጥላት አሉኝ።»

ሽርጡን ፈታ። እጁን ጠረገበት። ወንበር ስቦ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠና «አላህ ያጽናሽ» ብሎ ዝም አለ። ከበስተጀርባ «ቻይ፣ ሁለት!» የሚል ድምፅ ተጠራ፤ አልዞረም። እሷም ከመጋቢት ጀምሮ እምቢ ያላት እንባ መጣላት። ምን ሆነሽ የሚላት አልነበረም፤ ምን እንደሆነች ያውቃላ።

ቤቷ ስትመለስ ያው ጭርታ ጠበቃት። የእንግዳ መዝገቡን ከፈተች፦

«13/10/2001። ጋሼ፣ ቀን ተሳስቼ ዘገየሁ። መጣሁ። አብዱልፈታ ተቀመጠልኝ። የእርስዎ ሻይ ቀዘቀዘ። የሺወርቅ»

ላከችው። ሣጥኗ ያንኑ አለች፦ አንብቤ አወጣዋለሁ፤ አትቸኩሉ። የሺወርቅ ጫማዋን አወለቀችና መጠበቅ ጀመረች።