በማኅደር ማንገቻ የታሰረ ክንድ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና አረፍ በሉ። የምነግራችሁ የቄስ አሥራተ ማርያምን የክንድ ነገር ነው።

ቄስ አሥራተ ማርያም በሰቆጣ በኩል ያለችው የዝቋላ ሰው ናቸው። ቅዳሴ ከሌለ ድንጋይ ሲፈልጡ ይውላሉ፤ የደብሩን አጥር ከግማሽ በላይ የካቡት እሳቸው ናቸው። ክንዳቸው የሌላው ሰው ጭን ያህላል።

ሐምሌ ሲገባ ራሳቸውን ቢያማቸው ከቀበሌው ጤና ኬላ ሄዱ። በሦስት ሳምንት ሦስቴ ተለኩ፤ ሦስቴም የደም ግፊታቸው ከፍ አለ። የመጨረሻው መቶ ሃምሳ ስምንት በዘጠና ስድስት ነበር። የጤና ሠራተኛዋ ወረቀት ጽፋ፣ «ሰቆጣ ይሂዱ አባ፤ ኪኒን ሳያስጀምሩዎት አይቀሩም። እሱ እንግዲህ በየጧቱ ነው» አለቻቸው።

ከሕመሙ ይልቅ «በየጧቱ» ያለችው ከበደቻቸው። ቀዳሽ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ ነው መቅደስ የሚገባው። ፍልሰታ ልትገባ ስምንት ቀን ቀርቷል፤ ጾሟ እስክትፈታ ደግሞ በየቀኑ ይቀደሳል።

«መቅደሱን አብሮኝ ለሚቀድሰው ለቄስ ምስጋናው ሳላስረክብ አልቀርም» አሏቸው ለባለቤታቸው ለወለተ ሰንበት።

«ቆመው እየሄዱ ያወርሳሉ እንዴ? መጀመሪያ ይለኩ!» አሉና ስንቅ ቋጠሩላቸው።

ሰቆጣ ከአንድ ክሊኒክ ሲስተር ሠርካለም ተቀበለቻቸው፤ ወረቀቱንም አነበበች። ጋቢያቸውን አስወልቃ፣ ወንበር ላይ አስደግፋ፣ ጥቂት አሳረፈቻቸውና የመለኪያውን ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ጠመጠመች። ገና አየር ሲገባው ተላቀቀ።

ቄሱ የመጽሐፍ ማኅደራቸውን ማንገቻ መፍታት ጀመሩ።

«ምን ሊያደርጉ ነው አባ?»

«ላስርልሽ ነዋ። ጤና ኬላውም እንዲህ ነው የምናደርገው። ጨርቁ እኔ ዘንድ ሲደርስ ያጥራል፤ እንዳይላቀቅ ጥፍር አድርጌ አስረዋለሁ።»

«ሦስቱንም ጊዜ?»

«ሦስቱንም። በቅሎ ስጭን የኖርሁ ሰው ነኝ፤ እኔ ያሰርሁት አይፈታም።»

ሠርካለም ሳቋን ዋጥ አድርጋ በሜትር ክንዳቸውን ለካች፤ ሠላሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር።

«ይሄ ጨርቅ ለቀጭን ክንድ ነው አባ። ውስጡ የሚነፋው ላስቲክ ክንድዎን በቅጡ አይዞረውም። ስለዚህ ደም ሥሩን ለመጫን ከልክ በላይ ይነፋል፤ ቁጥሩም አብሮ ይወጣል። ማሰሩ አያስተካክለውም።»

«እንግዲያ ግፊቱ የእኔ አይደለም፣ የጨርቁ ነው?»

«ገና አላወቅሁም። አሁን ዝም ይበሉ፤ ሲለካ አይወራም።»

ከመሳቢያ ሰፊውን ጨርቅ አውጥታ ጠመጠመች። ሳይታሰር ያዘ። ቄሱ ዐይናቸውን ጨፍነው አቡነ ዘበሰማያት በልባቸው ደገሙ።

«መቶ ሠላሳ አራት በሰማንያ ሁለት» አለች። ቆይታ ደገመችው፤ ብዙም አልራቀም።

«ልቀድስ?» አሏት።

«ይቀድሱ። ዛሬ ኪኒን አላስጀምርዎትም። ግን ጨው ይቀንሱ፤ ፍልሰታ ሲፈታም ይመለሱ፣ በዚሁ በሰፊው እንለካዎታለን።» የክንዳቸውን ልክ ወረቀቱ ላይ ጻፈችና፣ «ይህን ለጤና ኬላዋ ልጅ ይስጡልኝ» አለች።

ቄስ አሥራተ ማርያም ማንገቻውን ወደ ማኅደሩ መልሰው ቋጠሩ፤ አንግተውም ወጡ። ፍልሰታ የገባች ዕለት መቅደስ ውስጥ ነበሩ።

እናንተም ልጆቼ፣ ክንዳችሁን ለመለኪያ ስትሰጡ፣ «ይሄ ጨርቅ ለእኔ ልክ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህችን አትርሱብኝ፣ አደራ።