አንድ ዙር ተኩል

አሁንም ይተነፍሳል፣ ይሄ ከይሲ፣ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል፣ ሽሽሽ፣ የተኛ ሰው ይመስላል፣ በዚች ክፍል ውስጥ ከራሱ ሌላ የሚተነፍስ ነገር ከሰማ ስድስት ወሩ ነው፣ የቀለም ጥይት መተኮሻ፣ የጨዋታ ጠመንጃ ነው እንጂ ሰው አይደለም፣ ቢሆንም። የሳሙና አረፋ በጣቱ ይቀባዋል። የአየር ቦንቦላው አንገት ላይ፣ ምንም። ቃታው ሥር፣ ምንም። ከኋላ፣ ሞላው ከተቀመጠበት፣ አረፋው ብቅ፣ ብቅ፣ ብቅ። ያዝኩህ።

አንተ ልጅ፣ እባብ አስገባህብኝ እንዴ፣ ይላሉ እትዬ አከራይ ከግድግዳው ወዲያ፣ አየር ነው እትዬ፣ አየር ከሆነ መስኮት አትከፍትም?

ቦንቦላውን ይፈታል፣ የቀረውን አየር ያስተፋዋል፣ እጀታው ላይ በሚስማር የተጫረች ቀጭኔ አለች፣ ጀለሱ በገዛ እጁ የጫራት፣ ከቁመቱ የተነሳ የጨዋታ ሜዳው ሰው ሁሉ ቀጭኔ ነው የሚለው፣ ባገለገለ ዕቃ ሻጭ ጠረጴዛ ላይ ሲያያት ጠመንጃውን ሳይከራከር ገዛው፣ ይሄ የማን ነበር፣ እኔ ምን አውቄ ወንድሜ፣ አንድ ረጅም ልጅ ጥሎልኝ ሄደ፣ ከእንግዲህ አልጫወትም አለ።

አልጫወትም አለ።

የጎማ ቀለበቷ ዘይት ሳታይ ከርማ ተሰነጣጥቃለች፣ በመርፌ ጫፍ ፈልቅቆ ያወጣታል፣ ቦታዋን ይጠርጋል፣ አዲሷን በዘይት አርሶ ያጎርሰዋል፣ ይገጥማል፣ አየሩን ይለቃል። ዝም። ጭጭ። ሞተ እንዴ፣ እትዬ አከራይ ናቸው፣ አይ ዳነ እትዬ፣ ዝም ሲል ነው እንዴ የሚድነው?

ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ ማን ነው ያለው፣ ይምጣና ይቺን ክፍል ያሽትት።

አሁን ፍጥነቱ። ሜዳው ላይ ሥራው ይሄ ነው፣ በሰከንድ ከሰማንያ አምስት ሜትር በላይ የሚተፋ ጠመንጃ አይገባም፣ እሱ ይለካል፣ እሱ የፍጥነቱን ብሎን ያስተካክላል፣ እሱ ይፈርማል። ያን ቀንም ፈርሟል። ከፈረመ በኋላ ነው፣ ቀጭኔ ጠመንጃውን አጋድሞ መነጽሩን ሲያጠልቅ፣ እሱ ጠጋ ብሎ፣ በቆልማማዋ ቁልፍ፣ ወደ ቀኝ፣ አንድ ዙር ተኩል፣ ለምን፣ ሁሌ ስለሚሸነፍ፣ አንድ ቀን እንዲያሸንፍ፣ ለጀለስ የሚደረግ ነገር፣ ከዚያ አንዱ ተጫዋች አንገቱን ይዞ ወደቀ፣ ደም፣ ጋሼ፣ የሜዳው ባለቤት፣ አስለክተው መቶ አራት ሲባሉ ማነው የነካው ብለው ጮሁ፣ እኔ አልነካሁም አለ ቀጭኔ፣ ታዲያ ብሎን ተነስቶ በራሱ ይዞራል? አሉ ጋሼ። ሰው ሳቀ። ቀጭኔ ዞሮ አየው፣ አንተ ለክተኸዋል አይደል፣ እስኪ ንገራቸው የሚል ዓይን፣ እሱ ግን ትንፍሽ አላለም። ሥራዬን፣ አለ በልቡ። ሥራውን አተረፈ። ቀጭኔን ከሜዳ አባረሩት፣ ጓደኛውም የሳምንት መጨረሻውም አብረው ሄዱ፣ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ጠመንጃ ይለካል፣ እሁድ እሁድ ግድግዳ።

ብርድ ልብሱን በሩ ላይ ይሰቅላል፣ መለኪያዋን አፈሙዙ ላይ ይይዛል። ጧ። መቶ አራት። አይሆንም። ጧ። መቶ አራት። ብሎኗን አልነካትም፣ ቀጭኔ ጠመንጃውን እስኪሸጠው ድረስ አንድም ቀን አልነካትም፣ እሱ ራሱ በተዋት ቦታ ቁጭ ብላ ጠብቃዋለች፣ እንደ ምስክር። ቁልፏን ይሰካል፣ ወደ ግራ፣ አንድ ዙር፣ ተኩል፣ ጧ፣ ሰማንያ አራት። በቃ። ነገሩ ሁሉ ይቺን ያህላል።

ጋሼ ከሰሙ ሥራም የለም። ይሰሟ፣ ይቅር፣ ቆይ፣ ነገ፣ ነገ ስንት ጊዜ ነው ነገ፣ ስልኩን ያነሳል፣ ቁጥሩን ጣቱ ያውቀዋል፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ባያነሳ ይሻላል፣ ሃሎ? ድምፁ ያው ነው፣ ሃሎ፣ ማን ልበል፣ ኧረ ትንፋሽህን እየሰማሁት ነው፣ ወይ ተናገር ወይ ዝጋው፣ ስልኩን አጥብቆ ይይዛል፣ ቀጭኔ፣ ይላል፣ ቀጭኔ፣ ያን ቀን ብሎኗን፣ ብሎኗን ያዞርኳት እኔ ነኝ፣ አንድ ዙር ተኩል፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል፣ ቀጭኔ አልዘጋውም፣ ከመስመሩ ማዶ ይተነፍሳል፣